የደንገሉ ክስ ከተዘጋ በኋላ

ጡረታ ከወጣሁ ስምንት ወር ሆነኝ። እስካሁን ጠዋት ስነሳ ክፍል ያለኝ እየመሰለኝ ልብሴን ለመልበስ እቸኩላለሁ። የምሄድበት ቦታ እንደሌለኝ ሳስታውስ ሻዬን ይዤ በረንዳ ላይ እቀመጣለሁ። አልሐምዱሊላህ፣ ጤነኛ ነኝ፤ ደስተኛም ነኝ። ጎረቤቶቼ ግን ሥራዬ ምን እንደነበረ አሁንም አልተገለጠላቸውም። ዳኛ ነበረች ሲባል ይገባቸዋል። መምህርት ነበረች ሲባልም ይገባቸዋል። የመጨረሻዎቹን ዓመታት ያሳለፍሁበት ሥራ ነው የሚያስቸግራቸው።

ታላቅ እህቴ ራህመት ባሕር ዳር ገበያ ውስጥ ከአባታችን የወረሰችው የጨርቅ ሱቅ አላት። የድኅረ ዶክትሬት ጥናት ልጀምር ነው ብዬ የነገርኋት ዕለት፣ ሜትሯን አንገቷ ላይ እንዳንጠለጠለች ቆማ አየችኝ።

«ዶክተር ሆነሽ የለም እንዴ?»

«ሆኛለሁ።»

«ከዶክተር በላይ ደግሞ ምን አለ?»

«ምንም የለም። የሁለት ዓመት ጥናት ብቻ ነው። ስለ አየር ንብረት ክርክርና ስለ ዴሞክራሲ።»

«በሰው ቋንቋ ንገሪኝ እንጂ።»

«ሰዎች ውሃቸው፣ ረግረጋቸው፣ ዝናባቸው ሲጎዳባቸው ፍርድ ቤት ይሄዳሉ። ከክሱ በኋላ በአገራቸው ጉዳይ ለመናገር ይበረታሉ ወይስ ዝም ይላሉ? እሱን ነው የማጠናው።»

ራህመት ጥቂት አሰበች። «ይኸ ሁለት ዓመት ምን ያስፈጃል? ሄዶ መጠየቅ ነው እንጂ» አለችኝ።

እውነቷን ነው፤ ሄዶ መጠየቅ ነበር። እኔ ግን ሄጄ ለመጠየቅ አሥራ አንድ ዓመት ፈጅቶብኛል። ለምን እንደዘገየሁ ለመናገር ከመጀመሪያው መነሳት አለብኝ።

ሕግ ተምሬ እንደጨረስሁ በዕጩ ዳኝነት የተመደብሁት አንበሳሜ የምትባል ትንሽ ከተማ ነበር። ደመወዜ ትንሽ ነበር፤ የተከራየኋት ክፍል ከዚያም ታንስ ነበር። ስለ ሁለቱም ሌላ የምለው የለኝም። የተመደብሁበትን ችሎት የሚመሩት ዳኛ ይሁኔ የሚባሉ ረጅምና ቀጭን ሰው ነበሩ። በልጅነታቸው የቤተ ክርስቲያን ትምህርት ስለተማሩ ቃል ሲመርጡ አይቸኩሉም። የመሬት ክርክር ሲመጣ ሁለቱም ወገኖች ባሉበት ቦታውን በእግራቸው ሳያዩ አይወስኑም። ጥላቸውን፣ ዳቦአቸውንና የውሃ ላስቲካቸውን ይዘው ይወጣሉ። ከተከራካሪ ቤት ውሃ እንኳ አይቀምሱም። አንድ ጊዜ አንዲት እናት ጠላ ይዘው መንገድ ላይ ቢለምኗቸው፣ «የእርስዎን ከጠጣሁ የባላጋራዎንም መጠጣት ሊኖርብኝ ነው፤ ሆዴ ደግሞ ሁለቱን አይችልም» ብለው አሳቋቸው።

በመጀመሪያው ወር የምስክር ቃል እንድጽፍ ሰጡኝ። ምስክሩ ሽማግሌ ገበሬ ነበሩ፤ «በሬው ድንጋዩን አልፎ ዞረ» አሉ። እኔ «ተከሳሽ ወሰን ገፍቷል» ብዬ ጻፍሁ። ዳኛ ይሁኔ ከችሎት በኋላ ወረቀቱን አንብበው መነጽራቸውን አወለቁ።

«ዘሀራ፣ እኒህ ሰው ወሰን ተገፋ አሉ?»

«ማለታቸው እኮ ነው።»

«ምን ማለታቸው እንደሆነ በኋላ እንመረምራለን። ያሉት በሬው ዞረ ነው። ለምን እዚያ ዞረ? የጠየቃቸው አለ?»

ማንም አልጠየቃቸውም። ሽማግሌው ተመልሰው ተጠሩ። ለካስ ሁለቱ ጎረቤታሞች ያችን ቁራሽ መሬት ከአባቶቻቸው ጀምሮ በሬ ለማዞር በጋራ ይጠቀሙባት ኖሯል። የገፋም የተገፋም አልነበረም። እኔ በሦስት ቃል ጥፋተኛ ያደረግሁት ሰው ነጻ ወጣ። ከዚያ ቀን ጀምሮ የሰው ቃል ስጽፍ ብዕሬ ይከብደኛል።

ከሁሉም በላይ የሚገርመኝ ግን ፍርድ ካነበቡ በኋላ የሚያደርጉት ነበር። ወደ ተፈረደበት ሰው ዞር ብለው «እስቲ ምን እንዳልሁ ንገረኝ» ይሉታል። ሰውየው ካልገባው በሌላ ቃል ይደግሙለታል። አንዳንዴ ሦስት ጊዜ ይደግማሉ። ሌላው ባለጉዳይ ውጭ ፀሐይ ላይ ቆሞ ይጠብቃል፤ የችሎት ጸሐፊዋ ሰዓቷን ታያለች፤ እሳቸው ግን ንቅንቅ አይሉም። አንድ ቀን መዘግየታችንን አንስቼ ብነግራቸው፣ «ቢጠላኝ ግድ የለኝም፤ ለምን እንደሆነ አውቆ ይጥላኝ» አሉኝ።

ከአንበሳሜ በኋላ ሌሎች ቦታዎችና ሌሎች አለቆች መጡ። አንዱ በየወሩ የዘጋነውን መዝገብ ብዛት ግድግዳ ላይ ይለጥፍ ነበር። ፈጣን ሆንሁ፤ ተመሰገንሁም። ፈጣን በሆንሁ ቁጥር ግን የተሸናፊዎቹን ፊት የማየው እያነሰ ሄደ። በመጨረሻ ዳኝነቱን ትቼ ባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ፣ ፔዳ ግቢ መጥቼ ማስተማር ጀመርሁ። ከማስተማሩ ጎን ለጎን ጠበቃ ማቆም ለማይችሉ ሰዎች በነጻ እከራከር ነበር። ትልቁ ስህተቴ የመጣው በዚህ ጊዜ ነው።

ከባሕር ዳር ወጣ ብሎ ሐይቁ ዳር ባለ አንድ መንደር ሴቶቹ ደንገል አጭደው፣ ምንጣፍ ሠርተው ይኖራሉ። ደንገሉ የሚበቅልበት ረግረግ ከብቶቻቸው በበጋ የሚሰማሩበት፣ ዓሣው እንቁላሉን የሚጥልበት ቦታ ነው። አንድ ባለሀብት ከጎኑ የአትክልት እርሻ ከፈተና ረግረጉን የሚያደርቅ ቦይ ማስቆፈር ጀመረ። እርሻው የሚረጨው የተባይ መድኃኒትም ከውሃ ጋር ወደ ሐይቁ ይወርድ ነበር። መንደሩን ወክለው ቢሮዬ የመጡት እትዬ ማንጠግቦሽ የሚባሉ ሴት ነበሩ። ድምፃቸው ወፍራም ነው፤ ሲናገሩ የሰሙትን ሰው ሁሉ ያስቆማሉ።

«ዝናቡ እንደሆነ ድሮ በሚመጣበት ጊዜ አይመጣም» አሉኝ። «ሲቀርብን የሚያኖረን ይኸ ረግረግ ነው። እሱን ካደረቁት እኛንም አብረው ያድርቁን።»

ሕጉ ለእኛ የሚመች ነበር። አካባቢን የሚጎዳ ድርጊት ሲፈጸም ማንኛውም ሰው መክሰስ ይችላል፤ የግሌ ጥቅም ተነካ ብሎ ማስረዳት አያስፈልገውም። ግን ቅድመ ሁኔታ አለው። መጀመሪያ ለሚመለከተው መሥሪያ ቤት አቤት ማለት፣ መልስ የሚሰጥበትን ጊዜ መጠበቅ፣ ከዚያ ፍርድ ቤት መሄድ ያስፈልጋል።

«ለመሥሪያ ቤቱ አመልክታችኋል?» ብዬ ጠየቅኋቸው።

«ሦስት ጊዜ ተመላልሰን ነግረናል» አሉኝ።

እኔም «አመልክተዋል» ብዬ ጻፍሁ። በቃል ነው ወይስ በጽሑፍ? ማን ተቀበላችሁ? ምን ወረቀት ሰጣችሁ? ብዬ አልጠየቅሁም። ቦዩ በየቀኑ ስለሚቆፈር ቸኩያለሁ፤ በሕጉም ተማምኛለሁ። የተከሳሹ ጠበቃ ይህንኑ የመጀመሪያ ደረጃ መቃወሚያው አደረገው፤ ማመልከታቸውን የሚያሳይ ማስረጃ የለም አለ። እውነትም አልነበረም፤ ሦስቱንም ጊዜ የነገሩት በቃል ብቻ ነበር። ፍርድ ቤቱ ክሱ ያለጊዜው የቀረበ ነው ብሎ መዝገቡን ዘጋ።

የዚያን ዕለት አራት ሰዓት ላይ ክፍል ነበረኝ። ከችሎት ስንወጣ እትዬ ማንጠግቦሽና ሰባት ስምንት የሚሆኑ የመንደሩ ሰዎች በሩ ላይ ከበቡኝ።

«ምን አሉ?»

«በመጀመሪያ ደረጃ መቃወሚያ ነው የተዘጋው» አልሁ። «አመልክታችሁ እንደነበር ማስረጃ የለም ተባለ። በፍሬ ነገሩ ገና አልተወሰነም፤ እደውልላችኋለሁ።»

«ሄደን አልነገርናቸውም ነው የሚሉት?»

«እንደዚያ ነው፤ በኋላ አስረዳችኋለሁ» ብዬ ባጃጅ ውስጥ ገባሁ።

በጽሑፍ አመልክተን የሕጉን ቀን እስክንጠብቅ ቦዩ አለቀ። ደንገሉ ታጭዶ ተቃጠለ። ክሱን እንደገና ለማቅረብ ምስክር ፍለጋ ወደ መንደሩ ሄድሁ፤ ሁለት ሽማግሌዎች ብቻ መጡ። «ፍርድ ቤት ውሸታም ብሎናል፤ ውሸታም ደግሞ ምስክር አይሆንም» ብለው መለሱኝ። እትዬ ማንጠግቦሽ ከቤታቸው አልወጡም። ቆይቼ ከዚያ መንደር ወደ ቀበሌ ስብሰባ የሚመጣ ሰው እንደሌለ፣ ቢመጣም አፉን እንደማይከፍት ሰማሁ።

ዳኛ ይሁኔ ያኔ ጡረታ ወጥተው ባሕር ዳር ይኖሩ ነበር። ሄድሁ። ግቢያቸው ውስጥ ጌሾ ሲኮተኩቱ አገኘኋቸውና ሁሉንም ነገርኋቸው። አይዞሽ ይሉኛል ብዬ ጠብቄ ነበር። መኮትኮቻውን አስቀምጠው እስከ መጨረሻው ሰሙኝ።

«ክሱን ያጣሽው በወረቀት ነው፤ ወረቀት ይተካል» አሉ። «በሩ ላይ ምን አልሻቸው?»

ነገርኋቸው።

«እነሱስ ምን ገባቸው?»

«አልጠየቅኋቸውም።»

«እንግዲያው ሄደሽ ጠይቂያቸው።»

አልሄድሁም። አፈርሁ። ሰው ካሳፈረው ነገር የሚሸሽበት መንገድ ብዙ ነው፤ እኔ የሸሸሁት ወደ ትምህርት ነው። ለዶክትሬት አመለከትሁና ስለ አካባቢ ሕግ ወፍራም ጥራዝ ጻፍሁ። ጥራዙ ውስጥ ያ መንደር የለም። እሱን በማዘጋጅበት ጊዜ ዳኛ ይሁኔ አረፉ። ቀብራቸው ላይ ቆሜ ያልታዘዝኋቸውን አንድ ነገር አስብ ነበር።

የድኅረ ዶክትሬቱን ዕድል ሳገኝ ጥናቱን የሚመራው ዶክተር ሀብታሙ ነበር። ድሮ ያስተማርሁት ልጅ ነው። እሱ «መምህር» ይለኛል፤ እኔ «አለቃዬ» እለዋለሁ፤ ሁለታችንም እንስቃለን። በባዕድ አገር ልጆችና አዛውንቶች ስለ አየር ንብረት ለውጥ መንግሥታቸውን የከሰሱባቸውን ፍርዶች ሰብስቤ፣ አነጻጽሬ፣ የሚያምር የጥናት ዕቅድ ይዤለት ሄድሁ። ቀስ ብሎ አነበበው።

«መምህር፣ እዚህ ውስጥ ዳኛው አለ፤ ጠበቃው አለ፤ መንግሥትም አለ። ከሳሾቹስ የት ናቸው?»

«ስማቸው በፍርዱ የመጀመሪያ ገጽ ላይ አለ።»

«ከመጀመሪያው ገጽ በኋላስ ምን ሆኑ?»

ተማሪዬ በነበረበት ጊዜ እንዲህ አይነት ጥያቄ አይጠይቅም ነበር። ዕቅዱን ቀደድሁትና ከክስ በኋላ ያሉትን ሰዎች ፍለጋ ወጣሁ።

ሁለት ዓመት ሙሉ በሚኒባስና በእግር ዞርሁ። ሐይቁ በበጋ ሲሸሽ የሚገለጠውን፣ ሰዉ ባህር ሸሽ የሚለውን መሬት የሚያርሱ ገበሬዎችን አነጋገርሁ። ጢስ ዓባይም ሄድሁ። በእኛ አገር አቤቱታ ላይ የአየር ንብረት ለውጥ ብሎ የሚጽፍ የለም። የሚጻፈው የግጦሽ ጠብ፣ የቦይ ጠብ፣ የምንጭ ተራ ነው። ዝናቡ ዘግይቶ ገብቶ ቶሎ ሲወጣ ግን እነዚህ ትናንሽ ጠቦች ይበዛሉ። የማጠናው ነገር እዚያ ውስጥ እንደተደበቀ ያወቅሁት ቁጭ ብዬ ስሰማ ነው። ለሁሉም ሁለት ጥያቄ አቀርባለሁ፦ ፍርድ ቤቱ ምን አላችሁ? ከዚያ በኋላስ የት ተናገራችሁ?

ጢስ ዓባይ አካባቢ በምንጭ ውሃ ተከራክረው የተሸነፉ ገበሬዎች አገኘሁ። አንዲት ወጣት ዳኛ ቦታው ድረስ መጥታ፣ ውሃው ለምን ለታችኞቹ እንደሚገባ መሬት ላይ በእንጨት እየሣለች አስረድታቸው ነበር። በፍርዱ እስከ ዛሬ ይናደዳሉ። ነገር ግን የውሃ ኮሚቴ አቋቁመዋል፤ ስብሰባ አይቀሩም፤ ባለሥልጣን ሲመጣ ይሞግታሉ። ሌላ ቦታ ደግሞ ክሳቸውን አሸንፈው እንኳ ለምን እንዳሸነፉ ያልገባቸው ሰዎች አየሁ። አንድ ትልቅ ባለሥልጣን የረዳቸው ይመስላቸዋል። ያ ሰው ሲዛወር ዝም አሉ።

ማስታወሻዬ ሞላ። አንድ መንደር ብቻ ቀረኝ።

እትዬ ማንጠግቦሽን ቤታቸው ደጃፍ ላይ ምንጣፍ እየሠሩ አገኘኋቸው። ፀጉራቸው ሸብቷል። ድምፃቸው ቀጥኖ የሌላ ሰው መስሎ ነበር።

«እትዬ ማንጠግቦሽ፣ ያስታውሱኛል?»

«ውሸታም ያስባለችኝን ሴት እንዴት እረሳለሁ? ቆመሽ አትቅሪ፤ ተቀመጪ።»

ተቀመጥሁ። ደብተሬን አላወጣሁም። ያን ዕለት በሩ ላይ ማለት የነበረብኝን ሁሉ፣ ከአሥራ አንድ ዓመት በኋላ አንድ በአንድ ነገርኋቸው። እጃቸው ከሥራው ቆመ።

«እንደገና ንገሪኝ» አሉ።

እንደገና ነገርኋቸው።

«ውሸታም ናችሁ አላሉንም?»

«አላሉም። ሄዳችሁ ሊሆን ይችላል፤ መሄዳችሁን የሚያሳይ ወረቀት ግን አላየሁም ነው ዳኛው ያለው። ወረቀቱን መጠየቅ የእኔ ሥራ ነበር። ሳልጠይቅዎ ቸኮልሁ። ጥፋቱ የእኔ ነው።»

«ወረቀት ብቻ?»

«ወረቀትና ቀን።»

ምንጣፉን ከጭናቸው አወረዱ። ከዚያ እኔን ሳያዩ መናገር ጀመሩ። «አሥራ አንድ ዓመት አፌን ዘግቼ ኖርሁ። ባሌ የሞተ ጊዜ ከመሬቴ ሊቆርሱ መጡ። ማን ያምነኛል ብዬ አልተናገርሁም። ቆረሱ።»

ይህን አላውቅም ነበር። ዓይኔን መሬት ላይ ተከልሁ። የእኔ ስህተት ረግረጉ ላይ ያበቃ ይመስለኝ ነበር፤ ቤታቸው ድረስ ገብቶ ኖሯል።

«ይቅር ይበሉኝ» አልሁ።

«ይቅርታሽን በኋላ እሰማዋለሁ» አሉኝ። «በምሥራቅ በኩል የቀረችን ትንሽ ረግረግ አለች። ሰሞኑን የቱሪስት ሎጅ መሥሪያ ነው ብለው ችካል መትተውባታል። መጀመሪያ ያን ወረቀት እንዴት እንደሚጽፉት አሳዪኝ።»

ባሕር ዳር ተመልሼ ለሀብታሙ ብነግረው ተጨነቀ። «መምህር፣ ተመራማሪ ነዎት ወይስ ጠበቃ?» አለኝ። ሁለቱንም ነኝ አልሁት። የሆነውን ሁሉ ሳንደብቅ በጥናቱ ውስጥ ልንጽፈው ተስማማን።

አቤቱታውን የጻፈችው የእትዬ ማንጠግቦሽ ልጅ ነች፤ እሳቸው እየተናገሩ። እኔ ያሳየኋቸው ምን ምን መካተት እንዳለበትና ሲያስገቡ ምን ተቀብለው መውጣት እንዳለባቸው ብቻ ነው። ባስገቡ ዕለት መሥሪያ ቤቱ ድረስ አብሬ ሄጄ ኮሪደር ላይ ቆምሁ።

«ይተዉትና ይሂዱ እማማ፤ እናየዋለን» አላቸው ማመልከቻ ተቀባዩ።

«በእኔኛው ቅጂ ላይ ቀንና ማኅተም ካልመታህልኝ አልሄድም» አሉ።

የያኔው ድምፃቸው ነበር። ከጎን ካለው ቢሮ ሁለት ሰዎች ብቅ ብለው አዩ። ማኅተሙ ተመታ።

ሕጉ ከሚሰጠው ቀን ጥቂት ሲቀር መሥሪያ ቤቱ ሕዝቡን ለውይይት ጠራ። ባይጠራ ኖሮ ሴቶቹ ማኅተም ያለበትን ወረቀታቸውን ይዘው ፍርድ ቤት ይሄዱ ነበር፤ መሥሪያ ቤቱም ይህን ያውቃል። ክስ ሳይከፈት ክስ ሥራውን ሲሠራ ያየሁት ያን ጊዜ ነው። ስብሰባው ሐይቁ ዳር ዋርካ ሥር ተደረገ። አንድ ባለሙያ ሎጁ በአካባቢው ላይ ስለሚያደርሰው ተጽዕኖ ግምገማ ረጅም ጽሑፍ አነበበ። እትዬ ማንጠግቦሽ ተነሱ።

«የእኔ ልጅ፣ ደህና አድርገህ አነበብህ፤ አንድም አልገባኝም» አሉት። ሰው ሳቀ፤ እሱም አብሮ ሳቀ። «ሎጁን አትሥሩ አላልንም። ዝናቡ ሲቀር ከብቶቻችን የሚሄዱት እዚህ ነው። ደንገሉም ውሃውን ይዞ የሚያቆይልን እዚህ ነው። ሎጁ እዚያ ወዲያ መንገዱ ዳር ቢሠራ ምን ይጎድለዋል? እሱን መልስልኝ።»

ባለሙያው ጥያቄውን ደብተሩ ላይ ጻፈ። መልሱ ከሦስት ተከታታይ ስብሰባ በኋላ ተገኘ። ሎጁ ወደ መንገዱ ሸሸ፤ ችካሎቹ ተነቀሉ። ሙሉ ድል አልነበረም። ለጀልባ ማቆሚያ ተብሎ ከረግረጉ አንድ ጎን ተወሰደ። እትዬ ማንጠግቦሽ በዚያ ጎን እስከ ዛሬ አልተስማሙም፤ አለመስማማታቸውንም ባገኙት ቦታ ሁሉ ይናገራሉ።

ጥናቱ ታተመ። ጥቂት ሰዎች ያነበቡት ይመስለኛል። ከኅትመቱ በፊት የገመገሙት ሰዎች የራሴን ስህተት የሚያወራውን ክፍል እንዳወጣው መክረውኝ ነበር፤ ሀብታሙ አይወጣም ብሎ ተከራከረልኝ። ዛሬ ፔዳ ያሉ የሕግ ተማሪዎች ከዚያ ጥናት የሚያስታውሱት ያን ክፍል ብቻ እንደሆነ ሰምቻለሁ። ደስ ብሎኛል።

የሥራ ባልደረቦቼ ሽኝት ሲያዘጋጁልኝ የክብር እንግዳ ምረጪ አሉኝ። እትዬ ማንጠግቦሽን መረጥሁ። ከፊት ረድፍ ስማቸው የተጻፈበት ወንበር ተቀመጠላቸው። ራህመትም አዲስ ቀሚስ አሰፍታ መጣች። አዳራሹ ሞላ፤ ሰዓቱ ደረሰ፤ እሳቸው የሉም። ደጅ ወጥቼ ደወልሁላቸው።

«የት ደረሱ እትዬ ማንጠግቦሽ?»

«ልጄ፣ ዛሬ አልመጣልሽም» አሉኝ። ከጀርባቸው የብዙ ሰው ድምፅ ይሰማል። «ስብሰባ ላይ ነኝ። ያንን የጀልባ ማቆሚያ ሊያሰፉት ይፈልጋሉ።»

«እንጠብቅዎት?»

«አትጠብቁኝ፤ ገና ብዙ የምለው አለኝ። ተራዬ ደረሰ፤ ዝጊው።»

እሳቸው ዘጉት። ወደ አዳራሹ ተመልሼ መድረኩ ላይ ወጣሁ። ያዘጋጀሁትን የንግግር ወረቀት አጥፌ አስቀመጥሁት። ባዶውን ወንበር ለእንግዶቹ አሳየኋቸውና፣ የክብር እንግዳችን በዚህች ሰዓት እየተናገሩ ስለሆነ ሊመጡ አልቻሉም አልኋቸው።